ሁሉን ያስቀመጡት ጋሽ ዲበኩሉ

በየግቢው ምንም ነገር የማይጥል አንድ ሰው አለ። አዳማ ብቻ አይደለም፤ ባቱም ሻሸመኔም ሂዱና የፈለጋችሁትን የቆርቆሮ በር አንኳኩ። ከአልጋው ሥር የተሰበረ ጃንጥላ፣ እጀታ የሌለው ማንቆርቆሪያ፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ ያስቀመጠ ሰው አንድ ቀን ይከፍትላችኋል። ይሄን ሰው መንግሥት አልሾመውም፣ ሕዝብም አልመረጠውም። ግን አለ። እግዜር ሰፈር ሲያደላድል ለየግቢው አንድ ውሻና አንድ እንዲህ ያለ ሰው የመደበ ይመስለኛል።

ለእኛ ግቢ የደረሱን ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው።

ክቡር ጋሽ ዲበኩሉ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ፋብሪካው በኬክና በጋቢ ሸኛቸው፤ ግምጃ ቤቱ ግን አብሯቸው መጣ። በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ተከራዩ እሳቸው ይሁኑ ዕቃው እስካሁን አልለየም። ሲገቡ በጎናቸው ነው የሚገቡት። የመሸኛው ኬክ ካርቶን ሳይቀር አለ፤ ውስጡ ሌላ ካርቶን ተቀምጦበታል።

ንግግራቸው አጭር ናት። የተቃጠለ አምፖል ብታሳዩአቸው፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ብትሰጧቸው፣ ነጠላ ካልሲ ሜዳ ላይ ቢያገኙ፣ ፍርዱ አንድ ነው።

«ይቀመጥ፤ ለኋላ ይሆናል።»

አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ለሁለት ተሰነጠቀና ወስጄ ቆሻሻው ላይ ጣልኩት። ከደቂቃ በኋላ ጋሽ ዲበኩሉ ሳፋውን እንደ ቁስለኛ ታቅፈው በሬ ላይ ቆሙ።

«ዘርፉ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም?»

«ተሰብሯል እኮ ጋሼ።»

«ታዲያ የተሰበረ ሁሉ ይጣላል?»

የራሴን ነገር አሰብኩና ሳፋውን ተውኩላቸው። ሳፋው አሁንም እሳቸው ቤት ነው።

ችግሩ ማስቀመጣቸው አልነበረም። ችግሩ ያቺ «ኋላ» የምትባለው ቀን መጥታ አለማወቋ ነው። ጎረቤታችን ጫምሳ ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ጠዋት የባጃጁ መስታወት ብሎን ወልቆ ጠፋበት። ጋሽ ዲበኩሉ ዘንድ ልኩ አለ፤ በጣታቸው ይዘው አሳዩት፣ ብርሃን ላይ ገለበጡለት፣ ጥርሱ ምን ያህል ጤነኛ እንደሆነ አስረዱት። ከዚያ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ጋሼ፣ ስጡኛ!»

«ከሰጠሁህማ ለኋላ ምን ይተርፋል?»

ጫምሳ ያን ሳምንት መስታወቱን በሽቦ አስሮ ነው የነዳው።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ።

ግቢያችን ውስጥ ስድስት ቤት አለ፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው። የእኛ ቀን ቅዳሜ ጠዋት ናት። አንዳንዴ እስከ ቀትር ትቆያለች፣ አንዳንዴ ደግሞ መጥታ ሰላም ብላን ትሄዳለች። ስለዚህ ማን ቀድሞ ይቅዳ የሚለው ነገር በእኛ ግቢ ከምርጫ ይበልጣል። ይሄን ነገር ለብዙ ዘመን ያስተዳደሩት የግቢው ባለቤት እትዬ ዘውድነሽ ናቸው፤ በገዛ ቧንቧቸው ዕጣ ውስጥ ከተከራይ እኩል የሚገቡ ሴት።

የዕጣው ሥርዓት በቆርኪ ነበር። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቆርኪ አለው። የእኔ የአምቦ ውሃ ነው። የስልክ ሽፋን የምትሸጠው ፎዚያ የቢራ ቆርኪ ስሜን አይወክልም ብላ የለስላሳ ወሰደች፤ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተመላልሶ የሚሠራው ማናሴም ጴንጤ ነኝ ብሎ ሌላ ለስላሳ መረጠ፤ የቢራውን ጫምሳ በታላቅ ደስታ ተቀበለ። እትዬ ዘውድነሽ ቆርኪዎቹን ኩባያ ውስጥ ያናውጡና ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ያወጣሉ። ያወጡትን ከቧንቧው በላይ ባለው የግንብ ጠርዝ ላይ በተራ ይደረድሩታል። ቆርኪዎቹ እስከሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ይቆያሉ። ንፋስ ቢነፍስ፣ ድመት ብትዘል፣ የግቢው ልጆች ቢጣሉ፣ ያንን ድርድር የሚነካ ሰው አልነበረም። ዕጣ ወጣ ማለት ወጣ ማለት ነው።

ታዲያ ጋሽ ዲበኩሉ ከጡረታ በኋላ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙ። ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያዩ ትምህርት ጀመሩ። ክረምቱን ሙሉ በራቸው ተዘግቶ ከረመ፤ ዕቃው ገፍቶ ዘጋባቸው ብለን ሰግተን ነበር። መስቀል ሲቃረብ ወጡና ግቢውን ሰበሰቡን።

«ዌብ አፕሊኬሽን ሠርቻለሁ» አሉ።

እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። ሌላውም ያልገባው መሆኑን ሳይ ግን ልቤ አረፈ።

«ምን ይሠራል?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

«ገጹ ሲከፈት ሲስተሙ ራሱ የውሃ ዕጣ ያወጣል። የሰው እጅ አይገባበትም። አድልዎ የለም።»

«እኔ አድልቼ አውቃለሁ?»

«እርስዎማ አያደሉም እትዬ። ቆርኪው ሊያደላ ይችላል።»

እትዬ ዘውድነሽ ለቆርኪው ዋስ ሊሆኑ አልፈለጉም። ስድስቱም ቆርኪዎች ተለቅመው ለክቡርነታቸው ተሰጡ። ምን እንዳሉ እናንተም ታውቁታላችሁ። የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ገቡ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ ሰላም ነበር። ዓርብ ዓርብ ጋሽ ዲበኩሉ ላፕቶፑን ታቅፈው ይወጣሉ፣ ገጹን ይከፍታሉ፣ በግምጃ ቤት ድምፃቸው «አንደኛ፣ ማናሴ! ሁለተኛ፣ ዘውድነሽ!» እያሉ ያነባሉ። እኛም እንሰማለን። በኋላ ግን መሠልጠን አያልቅምና፣ ሊንኩን በግቢው ቴሌግራም ላይ ለቀቁት። «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ቤቱ ሆኖ ዕጣውን ይመልከት» የሚል መልእክት ከሥሩ ጻፉ፤ ፊርማና ማኅተም ብቻ ነበር የቀረው።

ያ ሳምንት ደግሞ የእኔ ሳምንት ነበር።

የምተዳደረው በአንሶላ አጠባ ነው። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ያለ አንድ ፔንሲዮን አንሶላውን ይሰጠኛል። አዳማ ላይ ስብሰባ ሲኖር አልጋ ሁሉ ይሞላል፤ አልጋ ሲሞላ ለእኔም ሥራ ይሞላልኛል። በዚያ ሰሞን ሰኞ የሚጀመር ትልቅ ስብሰባ ነበር። የፔንሲዮኑ ኃላፊ ወይዘሪት ሜቲ ክምሩን ስታስረክበኝ ድምጿን እንኳ አላነሳችም።

«ዘርፉ፣ ለእሁድ ቀትር። ባለፈው ዘግይተሽብኛል። አሁን ብትደግሚው ለማሽን ቤት ነው የምሰጠው፤ እኔም አለቃ አለብኝ።»

ስለዚህ ዓርብ ዕለት በበርሜሌ በተረፈችኝ ውሃ አንሶላውን ሁሉ ዘፍዝፌ በሳሙና አሸሁት። ማለቅለቂያው የቅዳሜ ውሃ ነው ብዬ። ስልኬ ቁልፍ ብቻ ያላት ቀፎ ስለሆነች ዕጣዬን ፎዚያ ናት ያየችልኝ።

«እት ዘርፉ፣ አራተኛ ነሽ።»

አራተኛ ለእኔ የለም ማለት ነው። ፊቴን አይታ መሰለኝ ገጹን እንደገና ነካችው።

«ቆይ፣ ቆይ! አሁን አንደኛ ሆንሽ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሲስተሙ አዝኖልሽ ይሆናል። ፎቶውን አስቀርቼልሻለሁ፤ ነገ አሳያቸዋለሁ።»

ማሽንም እንደ ሰው ያዝናል ማለት ነው ብዬ፣ አመስግኜ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ገና አየር ሲተነፍስ ጄሪካኔን ይዤ ወጣሁ። ጫምሳ ጎማውን ቧንቧው ላይ ሰክቶ ቆሟል።

«አካም ቡልቴ እት ዘርፉ። ከእኔ ቀጥሎ ነሽ?»

«ከአንተ በፊት ነኝ እንጂ። አንደኛ።»

«አነቱ ዱራ! እኔ ነኝ የፊቱ!» አለና ስልኩን አወጣ። እውነትም፣ ከላይ የተጻፈው ስም ጫምሳ ነው።

ፎዚያ መጣች፤ የእኔን ፎቶ አሳየች። ከዚያ ትንሽ አፈር ብላ የራሷንም አሳየች፤ እዚያ ላይ ደግሞ አንደኛዋ እሷ ናት። ማናሴ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ።

«ወንድሞችና እህቶች፣ አንጣላ። በጌታ ፊት ነው የምናገረው፣ አንደኛ እኔ ነኝ፤ ይኸው።»

እትዬ ዘውድነሽ ከኋላው ዱብ አሉ። «ማናሴ፣ ማታ ለእኔ ‹አንደኛ ነዎት› ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«ለእርስዎ ስከፍተው እርስዎ ነበሩ፣ እትዬ። ለራሴ ስከፍተው ደግሞ...»

«ስንቴ ከፈትከው?»

ማናሴ ወደ ሰማይ አየ። ጫምሳ ግን ምንም አላፈረም። «እኔ እስኪሳካ ነው የነካሁት። የባጃጅ ሞተርም እኮ በአንዴ አይነሳም!»

በዚህ መሐል ውሃዋ መጣች። ማናሴ ጎማውን ወደ እትዬ ዘውድነሽ በርሜል ሳበው፣ ጫምሳ ወደ ራሱ መለሰው፣ ፎዚያ በመሐል «ወላሂ እት ዘርፉ ትቅደም፣ አንሶላ አለባት!» እያለች ጮኸች፣ እኔም ጄሪካኔን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተገፋሁ። ጎማው ከቧንቧው ተነቅሎ ወደቀ። ውሃዋ ጭቃው ላይ ፈሰሰች። እኛ ጎማው የማን እንደሆነ ስንከራከር፣ እሷ የሰለቻት ይመስል ሁለቴ አስላ ቀረች።

ያኔ ነው ጋሽ ዲበኩሉን ያየናቸው። ሁለት ጄሪካን ይዘው ከሁላችንም ኋላ ቆመዋል።

«እርስዎስ ስንተኛ ነዎት?» አለች ፎዚያ።

«ስድስተኛ። ትናንት ከፍቼ አይቻለሁ።»

«ከዚያ አልደገሙትም?»

«ለምን እደግማለሁ? ዕጣ እኮ ነው።»

ጫምሳ በንዴት ስልኩን አፍንጫቸው ሥር ደቀነው። «እንግዲያው ይዩት የሠሩትን! አምስት አንደኛ!»

መነጽራቸውን አደረጉና ፎቶዎቹን በየተራ አዩ። «ሁሉም ትክክል ነው» አሉ በቀስታ። «እያንዳንዱ በትክክል የወጣ ዕጣ ነው።» ከዚያ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከቧንቧው በላይ ባለው የግንብ ጠርዝ ላይ ቀረ። ቆርኪዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ስድስት የዝገት ክብ በተራ ይታያል።

«እዚህ ነበር የሚቀመጠው» አሉ።

«ምኑ?»

«ዕጣው። እትዬ ዘውድነሽ አውጥተው እዚህ ያስቀምጡት ነበር። እኔ እንዲወጣ አደረግሁ እንጂ የሚቀመጥበት ቦታ አልሠራሁለትም። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር አዲስ ያወጣል። የቀድሞውን...» መርዶ እንደሚናገር ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የቀድሞውን ይጥለዋል።»

«ይጥለዋል?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ። «አንተ? ዲበኩሉ ጣለ?»

የኬክ ካርቶን ያልጣሉ ሰውዬ፣ ነጠላ ካልሲ ያልጣሉ ሰውዬ፣ የስድስት ቤት ዕጣ ሌሊቱን ሲጥሉ አድረዋል። ጫምሳ ሳቅ አፈነው። እሳቸው ግን እንኳን ሊስቁ፣ የዝገቱን ክቦች በጣታቸው አንድ በአንድ ይነካኩ ነበር።

እኔ በሳሙና የተለወሰው አንሶላ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ፀሐይዋ መውጣት ጀምራለች፤ የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ሳሙናን እንደ ኖራ ነው የምታደርቀው። አላለቀስኩም። ውሃ በሌለበት ግቢ ማልቀስም ብክነት ነው። ወይዘሪት ሜቲ ምን እንደምትል፣ እኔም ምን እንደምመልስላት አሰብኩ። እሷም ክፉ ሆና አይደለም።

ጥላ መጣብኝ። ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው።

«ዘርፉ፣ ለመቼ ነው?»

«ለነገ ቀትር ነው ጋሼ። ይተዉት በቃ።»

በጎናቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ዕቃ ሲንኳኳ፣ ካርቶን ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ይዘው ብቅ አሉ። ሙሉ ነው። አስቀምጠውት ተመለሱ፤ ሌላ ይዘው መጡ። እንደገና ሌላ። ነገሩ አላልቅ ሲል ሁላችንም ተነስተን በራቸው ላይ አንገታችንን አሰገግን።

ከአልጋው ራስጌ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ሃይላንድ በሃይላንድ ላይ እንደ ጡብ ተደርድሯል። ሁሉም ውሃ ሞልተዋል። በሁሉም አንገት ላይ የገቡበት ቀን ተለጥፏል። ከዚያ ጀርባ ደግሞ ሁለት በርሜል ግጥም ብለው ቆመዋል።

«ይሄን ሁሉ ውሃ አስቀምጠህ ነው ጄሪካን ይዘህ የምትሰለፈው?» አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

«ይሄ ለዕለት አይደለም። ለኋላ ነው።»

«ኋላ መቼ ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። አንሶላውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የግንቡን ጠርዝ አዩ።

«ዛሬ ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ከዚያ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፋብሪካው ድሮ ይሰማው በነበረው ድምፅ፣ እኛ ግን ከአፋቸው ሰምተን የማናውቀውን ቃል ተናገሩ።

«ወጪ ይሁን!»

አንሶላ በሃይላንድ ሲለቀለቅ አይታችሁ አታውቁም። ጫምሳ ክዳን ይከፍታል፣ ፎዚያ ትገለብጣለች፣ እኔ አለቀልቃለሁ፣ ማናሴ መዝሙር እያንጎራጎረ ከእትዬ ዘውድነሽ ጋር ጫፍና ጫፍ ይዘው ይጨምቃሉ። እትዬ አንዴ ጠምዝዘው ማናሴን ከነፎጣው አዞሩት። ክቡር ጋሽ ዲበኩሉ መሐል ቆመው ያዛሉ።

«የቆየው ይቅደም! የጥቅምቱ ገና ነው፣ የመስከረሙን አምጣ! ክዳኑን አትጣል፣ ጫምሳ!»

«ጋሼ፣ ያቺ ብሎንስ ዛሬ ወጪ አትሆንም?»

«ነገሩን አታብዛ።»

ከሰዓት በኋላ ግን ብሎኗ መስታወቱ ላይ ታስራ ነበር። ማን እንዳሰራት አልተነገረንም።

እሁድ ጫምሳ አንሶላውን በባጃጁ ጭኖ ከቀትር በፊት አደረሰኝ። ወይዘሪት ሜቲ አንዱን ገልጣ አሸተተች፣ አጣጥፋ መለሰችው፣ «የሐሙሱም አለ፣ ስትሄጂ ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

በሚቀጥለው ዓርብ ጋሽ ዲበኩሉ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ላፕቶፑን ታቅፈው ወጡ። ሲስተሙ አሁን ዕጣውን አንዴ ብቻ ያወጣል፣ ያወጣውንም ያስቀምጣል አሉ፤ ማንም በፈለገው ጊዜ ቢከፍት የሚያየው ያንኑ ነው።

«እስከ መቼ ይቀመጣል?» አለች ፎዚያ።

«እንዴት እስከ መቼ?»

«ማለቴ፣ ሳምንቱ ሲያልፍ ይጠፋል?»

ጋሽ ዲበኩሉ ነውር እንደተናገረች ሁሉ ተመለከቷት። «ለምን ይጠፋል? ለኋላ ይሆናል።»

የመጀመሪያው ተቀማጭ ዕጣ ተነበበ። አንደኛ ፎዚያ፣ መጨረሻ ጋሽ ዲበኩሉ። ቤታቸው ውስጥ አንድ ሙሉ ሃይላንድ እንኳ እንዳልቀረ፣ በርሜሎቹም ባዶ እንደሆኑ ሁላችንም እናውቃለን። ጫምሳ ጠጋ አላቸው።

«ጋሼ፣ የሠሩት እርስዎ ነዎት። አንዴ ነካ ያድርጉትና ወደ ፊት ይምጡ። ማን ያያል?»

«ተቀምጧል» አሉ፤ ላፕቶፑን ከደኑት።

ቅዳሜ ስድስተኛ ሆነው ተሰለፉ። ደግነቱ ውሃዋ ያን ቀን እስከ ቀትር ቆየች። ባይሆንም እያንዳንዳችን ከጄሪካናችን ልንቀንስላቸው ተነጋግረን ነበር፤ እሳቸው ግን ይሄን አያውቁም፣ እናንተም አትንገሩብን።

ከዚያ በኋላ ባዶ ሃይላንዶቹን ለመረከብ ወደ እኔ ቤት መጡ። አንድ በአንድ እያዩ፣ ከነክዳናቸው ተረከቡኝ። ሲጨርሱ በሬ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ዘርፉ፣ አንድ ክዳን ይጎድላል።»

«አላየሁም ጋሼ። ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይሆናል።»

«እንግዲህ...» አሉ፣ እያዘኑ ሄዱ። እስከ ዛሬ ባለፉ ቁጥር ቧንቧው ሥር ጎንበስ ይላሉ።

ክዳኗ እኔ ዘንድ ናት። ሰማያዊ ናት፤ ከመስኮቴ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀምጫታለሁ። የምከድነው ሃይላንድ የለኝም። ለምን ይዘሻት ቀረሽ ብትሉኝ የምመልሰው አጥቼ አይደለም፤ መልሱን እሳቸው አስተምረውኛል።

ትቀመጥ። ለኋላ ትሆናለች።